ባለቀስቷ ያላለችው

ጨዋታውን የገዛሁት ዙሪክ ውስጥ፣ ኦርሊኮን ካለው ብሮኪ ነው። ብሮኪ ዕቃቸው የሰለቻቸው ሰዎች አምጥተው የሚጥሉበት፣ እኛ ደግሞ ገብተን የምናገላብጥበት የአሮጌ ዕቃ መደብር ነው። ለጓደኛዬ ልደት ነበር። በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ልደት ሲያከብር አይቼ አላውቅም፤ እሱ ግን ከአንዲት ስዊሳዊት ጋር በትዳር ኖሮ ኬክና ሻማ ለምዶ ነበር። ከተለያዩ በኋላ በዚያ ቀን ብቻውን ሶፋ ላይ ተቀምጦ እንዳይውል ብዬ አንድ ነገር ልወስድለት አሰብኩ። የቪዲዮ ጌም ማጫወቻ እንዳለው አውቃለሁ፤ ስለ ጌም ግን የማውቀው ነገር አልነበረም። ሽፋኑን አይቼ ነው የመረጥኩት። በረዶ ውስጥ የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ተሥለውበታል፤ ወንዱ ከፊት፣ ቀስት ያነገተች ሴት ከኋላ። ወንዱ ወደ ተራራው ያያል። ሴትየዋ ተራራው መኖሩንም የረሳች ትመስላለች፤ የምታየው የወንዱን ትከሻ ነው።

ይህቺን ሴት አውቃታለሁ አልኩ በልቤ፤ ከፍዬ ወጣሁ።

እሑድ እሱ ያለበት ጄኔቫ ወስጄ ስንከፍተው ጉድ ፈላ። ዲስኩ ከጀርመንኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቅም። ጓደኛዬ ደግሞ ጀርመንኛ የሚባል ነገር አያውቅም።

«ይሄ የእናንተ ሰፈር ቋንቋ ነው» አለኝ፣ ዙሪክን እኔ የወለድኳት ይመስል።

«ልመልሰው?»

«ስጦታ ይመለሳል እንዴ? እኔ እጫወታለሁ፤ አንቺ ትተረጉሚያለሽ።»

የተጀመረው እንዲህ ነው።

እሱም እኔም ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገር የለቀቅን ነን። የተገናኘነው ስዊስ እንደገባን ባረፍንበት የስደተኞች መቀበያ ውስጥ ነው። ቀን ቀን አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ስማችን እስኪጠራ እንጠብቃለን፤ ሌላ ሥራ አልነበረንም። የአዲስ አበባን የታክሲ መስመሮች እየተጠያየቅን፣ የረዳቶቹን አጠራር እየቀዳን ስንስቅ ጠባቂዎቹ ያበድን መስሏቸው ነበር። ከዚያ ካንቶን፣ ማለትም ክፍለ ሀገር፣ ተመደብን። እዚህ አገር ስደተኛ የሚኖርበትን ካንቶን አይመርጥም፤ ይደርሰዋል። ለእሱ ጄኔቫ ደረሰው፤ ለእኔ ዙሪክ። ባቡር ጣቢያው ላይ፣ በእጁ የያዘውን ብርቱካን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝና «ስትደርሺ ደውዪ» አለኝ። ስልክ አልነበረኝም፤ እሱም አልነበረውም። ባቡሩ ውስጥ ያንን ብርቱካን ይዤ አለቀስኩ። እንደምወደው ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ታዲያ ለምን አልነገርሽውም የሚል ይኖራል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ የቀረብኝ ደጃዝማችነት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተንገበገብኩ። መጀመሪያ ወረቀት የለኝም አልኩ። ወረቀቱ ሲመጣ ቋንቋ ልማር አልኩ። ቋንቋውን ስይዝ ሥራ ልያዝ አልኩ። ኦፕፊኮን፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ ሆቴል የቁርስ ክፍል ተቀጥሬ፣ አሁንስ እነግረዋለሁ ብዬ ቆርጬ በተነሣሁበት ሰሞን ደወለልኝና «ላገባ ነው» አለኝ። ሰርጉ ላይ ሄድኩ። እልል ካሉት ሐበሾች ሁሉ ድምፁ የጎላው የእኔ ነበር። ሙሽራዋ እልልታዬን ወደደችው፤ አቅፋ ሳመችኝ። ደግ ሴት ናት። ክፉ ላደርጋት ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆን ብሎኛል።

ትዳራቸው ሲፈርስ ማንም ማንንም አልበደለም፤ ዝም ብሎ አለቀ። አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል። ልጅቷ አንድ ሳምንት ከእናቷ፣ አንድ ሳምንት ከእሱ ጋር ትሆናለች። እሱ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ጄኔቫ ዳር፣ ቬርኒየ ውስጥ፣ ሊኞን የሚባለው ማለቂያ የሌለው ሕንፃ ላይ ቤት ተከራየ። እኔም ፈረቃዬ በፈቀደልኝ እሑድ ሁሉ ባቡር ተሳፍሬ እሄድ ጀመር። ለምን ትሄጃለሽ ለሚለኝ ሰው መልሱ ጌሙ ነበር። «አንድ ጌም ይዘናል፣ እሱን እስክንጨርስ ነው» እላለሁ። እንዳያልቅ ግን በልቤ እጸልይ ነበር።

የጌሙ ታሪክ ቀላል ነው። አንድ መልእክተኛ የታሸገ መልእክት ይዞ፣ የበረዶ አገር አቋርጦ፣ ሩቅ ከተማ ላለ ንጉሥ ማድረስ አለበት። መንገዱን የምታውቀው ባለቀስቷ ናት። ተኩላ ሲመጣ የምትወጋው እሷ፣ እሳት የምታቀጣጥለው እሷ፣ ሲቆስል የምታስረው እሷ። ሰው ባገኙ ቁጥር ጨዋታው ይቆምና ሦስት መልሶች ይደረደራሉ። እኔ ሦስቱንም አነብለታለሁ፤ እሱ ከሦስቱ አንዱን መርጦ መልእክተኛውን ያናግረዋል። አጨዋወቱ አያድርስ ነው። ቀኑን ሙሉ አንድ ተሳፋሪ ሳያንገጫግጭ አውቶቡስ የሚነዳ ሰው፣ መልእክተኛውን ግን በየገደሉ ይጥለዋል። ባለቀስቷ ከላይ ሆና ትጮኻለች። እሱም ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ «ምን አለች?» ይለኛል።

አንድ እሑድ ከንጋቱ ፈረቃ በቀጥታ መጥቼ ስለነበር እንቅልፍ ያዳፋኛል። ባለቀስቷ አንድ ነገር ተናገረች፤ አመለጠኝ። «ምን አለች?» አለኝ። አልሰማሁም ብል ማን ይቆጣኛል? እኔ ግን «ቀስ በል፤ አንተ ከወደቅህ እኔ ብቻዬን ወዴት እሄዳለሁ? አለች» አልኩት። ፈገግ አለ። ከዚያ መልእክተኛውን ከገደሉ ጠርዝ አርቆ፣ በዝግታ ያስኬደው ጀመር። እኔ ያልኩትን ሰምቶ ተጠነቀቀ። ፊቴ እስኪግል ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔን ያወጣው ጌም ነው። ባለቀስቷ «ሰሜኑ በዚህ ነው» ስትል «ከአንተ ጋር ከሆነ ሰሜንም ደቡብም ለእኔ አንድ ነው» አስብላታለሁ። «እሳቱ ሊጠፋ ነው» ስትል «ስትተኛ አንተን እያየሁ ማገዶ መጨመር ረሳሁ» አስብላታለሁ። አንድ ወንዝ ዳር ደርሰው ሲያርፉ ደግሞ ባለቀስቷ አጭር ነገር ጣል አደረገች፤ እኔ «በዚህ ምድር ላይ ከአንተ ሌላ የምከተለው የለኝም አለች» አልኩ። እሱ የሚጫወትበትን መቆጣጠሪያ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ቴሌቪዥኑን ትንሽ ሲያይ ቆየና «ጀርመንኛ እንዲህ ያምራል እንዴ?» አለኝ።

«ሰው ስሙን ያጠፋዋል እንጂ ደግ ቋንቋ ነው» አልኩት።

መልእክተኛው ግን ደንዝ ነበር። መንገድ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ያላት አንዲት ባል የሞተባት ሴት አለች። ጌሙ ከእሷ ጋር ፍቅር መጀመር ይፈቅዳል፤ ጓደኛዬም ከሦስቱ መልሶች ሁልጊዜ የሚመርጠው ጣፋጩን ነው። መልእክተኛው ማረፊያው ውስጥ ሾርባ እየጠጣ ሲሳሳቅ፣ ባለቀስቷ ውጭ በረዶ ላይ ፈረሶቹን ይዛ ትቆማለች። በሥዕል ሴት እቀናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ቀናሁ። የዚያችን ሴት ጣፋጭ ንግግሮች እንደ ማስታወቂያ አድርጌ አደርቃቸው ነበር።

«ለምን ባለቀስቷን አይወድም?» አልኩት አንድ ቀን፣ የዋዛ አስመስዬ።

«መልሱ ውስጥ የለማ። የቱንም ብመርጥ አይመጣም።»

«ፈልገህ አጥተህ ነው?»

ከኢንተርኔት ላይ አንብቦ ኖሯል። «የሚቻል ነገር አይደለም አሉ» አለኝ። «ብዙ ሰው ለሠሪዎቹ ቅሬታ ጽፏል። እነሱ ግን፣ ሁለቱ ከተዋደዱ ጉዞው ሌላ ጉዞ ይሆናል ብለው ነው የተዉት። የመንገድ ጓዱ ናት፣ በቃ።»

«ሠሪዎቹ ድንጋይ ናቸው» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ስለነበር፣ ምንጣፉ ላይ ሥዕል ትቀባ የነበረችው ልጁ ቀና ብላ አየችኝ። የሥዕል ሴት አስቆጣችኝ ልል ነው? ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሣሁ።

ጌሙ ወደ መጨረሻው ተራራ ተጠጋ። አንድ እሑድ ልጅቷ እናቷ ዘንድ ነበረች፤ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። መስኮቱ ተከፍቶ ከታች የኳስ ተጫዋች ልጆች ጩኸት ይሰማል። ድንገት ጌሙን አቆመውና ወደ እኔ ዞረ። ሲዞር ፊቱ የወትሮው አልነበረም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ እፈልጋለሁ» አለኝ። «ካሰብኩት ቆይቷል።»

 ለስንት ዓመት የጠበቅሁት ቀን ነው ብዬ ቀሚሴን ጉልበቴ ላይ አስተካከልኩ፤ ለምን እንዳስተካከልኩት እስካሁን አላውቅም።

«ልጄን ክርስትና አንሺልኝ።»

ልጅቷ ስትወለድ እናቷ፣ አድጋ ራሷ ትምረጥ ብላ ስለነበር አልተጠመቀችም። አዲስ አበባ ያሉት የእሱ እናት በደወሉ ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁት ጥምቀቷን ነበር። አሁን ልጅቷ ራሷ የሌሎቹን ልጆች ማተብ አይታ እኔስ ማለት ጀምራለች፤ እናቷም እሺ ብላለች። የቀረው የክርስትና እናት ነው። እሱ ሲያስረዳኝ አንዱንም ሳላዳምጥ አንድ ነገር ብቻ አስባለሁ።

የክርስትና እናቷ ከሆንኩ ከእሱ ጋር አበልጅ እንሆናለን። አበልጅ ደግሞ አይጋባም። የሥጋ ዘመድ ባይሆኑም የመንፈስ ዘመድ ናቸውና፣ አበልጅን መመኘት ራሱ ነውር ነው። ከእኛ መካከል ይህን የማያውቅ የለም። እዚህ አገር ብዙ ቆይቶ ረስቶት ይሆን? እሺ ካልኩ በሩ እስከ ወዲያኛው ይዘጋል፤ እንቢ እንዳልል ደግሞ ምክንያቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው።

«ምን ትያለሽ?»

«እስቲ ላስብበት።»

«ይሄ ይታሰባል እንዴ?» አለና ሳቀ። እውነቱን ነው፤ ክርስትና አንሺልኝ ተብሎ ላስብበት የሚል ሰው አላየሁም። የያዝኩት የሻይ ብርጭቆ በእጄ ላይ ቀዝቅዞ ነበር።

ስመለስ ባቡሩ ሐይቁን ይዞ ሲሄድ ወይን ተክሎቹንና ውሃውን በመስኮት አያለሁ። ሰው አጠገቡ ተቀምጦ የዋለውን ሰው እንዴት ይናፍቃል? እኔ ግን ሁልጊዜ እሱን የምናፍቀው አብሬው በዋልኩ ቀን ነው። ሶፋው ላይ በመካከላችን አንድ ትራስ ይኖራል፤ ያችን ትራስ ዙሪክ ድረስ አስባት ነበር።

በሳምንቱ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችንን እናት ላማክር ሄድኩ። ጡረታ ወጥተው ኦርሊኮን የሚኖሩ፣ ነገር የማያልፋቸው ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። አትክልት ሲከትፉ አግኝቼ ነገሩን በሌላ ሰው አሳብቤ ጀመርኩ።

«እትዬ፣ አንዲት የማውቃት ልጅ ናት። የምትወደው ሰው ልጄን ክርስትና አንሺልኝ አላት። ምን ታድርግ?»

ካሮቱን መክተፍ አላቆሙም። «ይቺ የምታውቂያት ልጅ በየሳምንቱ ጄኔቫ የምትመላለሰው ናት?»

አንገቴን ደፋሁ።

«እና ሰውየው ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ስሚ የኔ ልጅ። የፈሩት ይደርሳል፤ ዝም ስላልሽ አይቀርልሽም። አበልጅነት እኮ በእግዚአብሔር ፊት የሚገባ ነገር ነው። ልብሽ ሌላ እያለ ልጅቷን ታቅፈሽ አትቁሚ። ሂጂና ንገሪው። እሺ ቢል እሰየው፤ እንቢ ቢል ደግሞ ቁርጥሽን ታውቂያለሽ።» ቢላዋቸውን አስቀምጠው አዩኝ። «ቁርጥ ማወቅ ደግሞ እንደምታስቢው አይገድልም።»

እሑድ ጄኔቫ ስደርስ በሩን የከፈተችልኝ ልጅቷ ናት። ለጥምቀቷ የተገዛላትን ነጭ ቀሚስ ልትለካው ለብሳ፣ ከሥሩ የስፖርት ጫማ አድርጋለች። ወገቤን አቀፈችኝ። «ፓፓ አለ፣ አንቺ የኔ ማሬን!» አለችኝ፤ ማሬን በእነሱ ፈረንሳይኛ የክርስትና እናት ማለት ነው። «ዊ? ዊ ወይስ ኖ?» ጸጉሯን ዳበስኳትና ቀሚሷን ሂጂ ቀይሪ፣ ይቆሽሻል አልኳት። ወደ ክፍሏ ሮጠች።

እሱ ወጥ ቤት ሳህን ያጥባል። ኮቴን ሳላወልቅ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። እዚያው ካልተናገርኩ እንደማልናገር አውቃለሁ።

«ክርስትና ላነሳልህ አልችልም» አልኩት።

«ለምን?»

«አበልጅ አይጋባማ።»

ቧንቧውን ዘጋው። ጀርባውን እንደሰጠኝ ቆየ። እኔም ትከሻውን እያየሁ ቆየሁ። ከዚያ ዞረና እጁን በፎጣ ማድረቅ ጀመረ፤ ጣት በጣት፣ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ፈረሶቹ ደክሟቸዋል፤ ውሃ እንፈልግላቸው። ወንዙ ዳር ባለቀስቷ ያለችው እሱን ነው።» ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። «በርን ከተማ ያደገ፣ ጀርመንኛ የሚያውቅ የሥራ ባልደረባ አለኝ። የገና በዓል ሰሞን እዚህ መጥቶ ጌሙን አሳየሁት። እንዴት ያለች ገጣሚ መሰለችህ ብዬ ያንን ቦታ ከፈትኩለት። ፈረሶቹ ደክሟቸዋል ነው የምትለው፣ ሌላ ምንም አላለችም አለኝ። ሌሎቹንም አስነበብኩት። ሁሉም እንደዚያው ነው፤ ስለ ማገዶ፣ ስለ በረዶ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ገና ካለፈ ወራት ሆኖታል። በእነዚያ ወራት ሁሉ ጎኔ ተቀምጦ፣ የምቀባጥረውን እየሰማ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ? በየሳምንቱ ምን አለች ምን አለች ስትለኝ የነበረው ምንድን ነው? እያሾፍክብኝ ነው?»

«ደስ ስለሚለኝ ነው» አለ። «በሕይወቴ እንደዚያ ያለኝ ሰው የለም። ልጠግበው አልቻልኩም።»

«እና?»

«እና ሞከርኩ። እውነቴን ነው፣ ሞከርኩ። አንቺ ስትሄጂ ብቻዬን ተቀምጬ ራሴን ጠየቅሁ። ስትመጪ ቤቴ ይሞቃል፣ ስትቀሪ ቀኑ አይሄድልኝም። ግን እንደዚያ አይደለም። ልቤን እንደዚያ አድርግ ብለው አልሰማኝ አለ።» ፎጣውን አጥፎ አስቀመጠው፤ እንደገና አነሣው። «አንድ ቀን ሌላ ሰው ታገቢያለሽ። ባልሽ ይሄ ጄኔቫ የምትመላለሽበት ሰውዬ ማነው ይልሻል። ጓደኛዬ ነው ብትይው ያስቀርሻል። አበልጄ ነው ካልሽው ምንም ማለት አይችልም። አበልጅን ከቤት የሚያባርር ባል የለም። እንዳላጣሽ ብዬ ነው የጠየቅሁሽ።»

እንግዲህ ቁርጡ ይኸው ነው። ረስቶት ሳይሆን አውቆት ነው። ለእሱ በሩን የመዝጋት ጥያቄ አልነበረም፤ እኔን ከውስጥ የማስቀረት ዘዴ ነበር። ይህን አሁን እላለሁ እንጂ ያኔ ደሜ ፈልቶ ነበር።

«ባል ፈልግልኝ ያለህ ማነው?» አልኩና ወጣሁ። ልጅቷ ከክፍሏ ስትጠራኝ እየሰማሁ ደረጃውን በእግሬ ወረድኩት፤ ሊፍት የሚያስጠብቅ ትዕግሥት አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ጄኔቫ መሄድ ተውኩ። እሑድ እሑድ የሰው ፈረቃ እየለመንኩ እሠራ ጀመር። ቱሪስት ሲበላ እያየሁ፣ እንቁላል እየሞላሁ፣ ጌሙ ምን ላይ ደርሶ ይሆን እላለሁ። ሥራ ባላገኘሁበት እሑድ ትራም ተሳፍሬ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄጄ እመለሳለሁ። እሱ አልደወለም። አለመደወሉ አክብሮት እንደሆነ ይገባኛል፤ ቢሆንም ስልኬን ከእጄ አላስቀምጥም። እንዴት እንደናፈቀኝ በአማርኛም በጀርመንኛም መናገር አልችልበትም። ሳቁ ናፈቀኝ፤ መልእክተኛውን ገደል ሲከት የሚለው «እግዚኦ!» ናፈቀኝ፤ ያቺ መሀላችን የምትቀመጠው ትራስ ሳትቀር ናፈቀችኝ።

አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ የድምፅ መልእክት አገኘሁ። ልጅቷ ናት፤ የአባቷን ስልክ ይዛ። «አንቺ መቼ መጣሽ? ፓፓ ጌም አይጫወትም። ሰውዬ ኔዥ ውስጥ ቆመ፣ ሴትዮም ቆመ። ብርድ ነው። ቪያን!» ኔዥ በረዶ ነው፤ ቪያን ደግሞ ነይ። ኦፕፊኮን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ደጋግሜ ሰማሁት።

ያን ቀን ራሴን በደንብ ጠየቅሁ። እንቢ ብል የማተርፈው ምንድን ነው? አንድ ቀን ያገባኛል የሚል ተስፋ ነው። ያ ተስፋ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በፎጣ እጁን እያደረቀ ሞቷል። እሺ ብል የማገኘው ደግሞ እሑዶቼን ነው፤ ይህቺን አማርኛዋ የተሰባበረ ልጅ ነው። እወደዋለሁ፤ ይህ አይለወጥም። ፍቅሬን የማስቀምጥበት ሌላ ስፍራ ከተሰጠኝ ግን ምን አኩራፊ ያደርገኛል? ደወልኩና «ቀሚሷን አላቆሸሸችውም?» አልኩት። ማዶ ሆኖ ሲተነፍስ ሰማሁት። «አጥቤዋለሁ» አለኝ።

ከጥምቀቱ በፊት ባለው እሑድ ጌሙን ጨረስነው። መልእክተኛውና ባለቀስቷ ከተማው በር ላይ ደረሱ። እሷ ወደ ውስጥ አትገባም፤ ሥራዋ እስከ በሩ ነው። አንድ ነገር ተናገረች። እሱ ምን አለች አላለኝም። እኔ ግን ተረጎምኩለት፤ በትክክል፣ አንዲት ቃል ሳልጨምር። «መንገዱ እዚህ ያበቃል፤ ፈረስህን በደንብ ያዝ አለች» አልኩት። ሦስቱን መልሶች አነበብኩለት። «ያለ አንቺ አልደርስም ነበር» የሚለውን መረጠ። ሁለታችንም አልቅሰናል፤ ጌም ነው ያስለቀሰን ብንል የሚያምነን አይጠፋም።

ጄኔቫ ላይ የምንገለገልበት ቤተ ክርስቲያን ከስዊሶች በውሰት የተገኘ ነው፤ ማጥመቂያው ትልቅ የብረት ሳህን ነው። ጠዋቱ ብርዳም ስለነበር ዲያቆኑ ልጅቷ እንዳትደነግጥ ብሎ ከጓዳ ውሃ በማንቆርቆሪያ እያፈላ ይጨምርበታል። ካህኑ «የክርስትና እናቷ ማናት?» ብለው ጠየቁ። «እኔ ነኝ» አልኩ። እናቷ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ በስልኳ ትቀርጻለች። ውሃው ሲፈስባት ልጅቷ ትንፋሿ ተቆረጠ፤ አላለቀሰችም። እርጥብ እንዳለች ተቀበልኳት፤ በነጠላዬ ጠቅልዬ አቀፍኳት። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ከአንገቷ በታች ያለው ውሃ የእኔን ቀሚስ አልፎ ሰውነቴ ላይ ደረሰ። ካህኑ ማተቧን ሲያስሩላት እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ ነበር፤ ያኔ ስለ እሱ ሳላስብ ትንሽ ቆየሁ።

ቅዳሴው አልቆ ግቢው ውስጥ ሰዉ እንኳን ደስ አላችሁ ይባባላል። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ የልጅቷን ጸጉር እያደረቅሁ ነው። አባቷ ከወዲያ ማዶ፣ ከወንዶቹ መካከል ሆኖ እጁን አነሣ፤ ፎቶ ሊያነሡን ኖሯል።

«አበልጄ!» ብሎ ተጣራ።

እኔም እንደሌላው ሰው ማን እንደተጠራ ለማየት ዞርኩ። ከዚያ እኔ መሆኔ ገባኝ።

«አቤት» አልኩት።